ስድስት ዓመት መሃል ላይ የቆመችው መርፌ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ አሮጌ የሞተር ቺንጊያ ይበጠስ።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን፣ ባለታክሲው ሦስት አክስቶቹን ጭኖ ወደ ሟች ታላቅ ወንድሙ ቤት ሲቃረብ መኪናዋ ከኮፈኗ ሥር ነጭ እንፋሎት ተፋች። እንፋሎቱ ከመብዛቱ የተነሣ አንዷ አክስት በድንጋጤ ወርዳ ተመልሳ የገባችው የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ነው።

"ውይ ልጄ፣ ተቃጠልን!" አሉ ትልቋ።

"አይዞዎት፣ የሙቀት ጌጁን ይዩት፤ መርፌዋ መሃል ላይ ናት። የጋሼ እጅ የነካው ሞተር አይግልም!"

ግሏል። መኪናዋን ገፍተው ግቢ አስገቧት። ቤት ውስጥ ለቀስተኛው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሻዩን እያማሰለ ያንሾካሹካል። እሱ ግን ኮፈኑን ከፈተ። ወንድሙ ታሞ ሁለት ወር እስኪተኛ ድረስ የሰፈሩ መካኒክ ነበር፤ ለዚህች መኪና ከሌላ መኪና የወጣ ሞተር የገጠመላት እሱ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። የሙቀት ሴንሰሩ መኖር ያለበት ቀዳዳ ላይ ደግሞ ብሎን ተወትፏል። ሽቦውን ተከትሎ ዳሽቦርዱ ሥር ሲገባ የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ ኤሌክትሪክ የምትገታ ሬዚስተር ተበይዳ አገኘ። መርፌዋ ስድስት ዓመት ሙሉ መሃል ላይ የቆመችው ይህችን እያየች ነው፤ ሞተሩን አይታው አታውቅም።

ያኔ፣ ሞተሩ በተቀየረ ሰሞን፣ የአሮጌው ሞተር ሴንሰር የብሎን ጥርሱ ለአዲሱ አልገጠመም፤ የአዲሱ ደግሞ ከጌጁ ጋር አልተግባባም። ሞተሩ ለብ ሳይል መርፌዋ ቀዩ ላይ ትወጣለች። ባለታክሲው በቀን አምስቴ ጋራዡ በር ላይ ይቆማል።

"ጋሼ፣ ጋለ!"

"አልጋለም።"

"መርፌዋስ?"

"መርፌዋ እንዳንተ ፈሪ ናት።"

በስድስተኛው ቀን ወንድሙ ቁልፉን አቀበለው። "ሴንሰሩን ገጠምኩልህ። አሁን ሂድና ተኛ" አለው፣ ዓይን ዓይኑን እያየ።

አሁን፣ ከለቀስተኛው መሃል፣ ብልጭታ የሚሉት ኤሌክትሪሻን ብርጭቆውን እንደያዘ ከቤት ወጣ። ሬዚስተሯን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

"ታውቅ ነበር?"

"የበየድኳት እኔ ነኝ።"

የሟች ሚስት በሩ ላይ ቆማለች። "እኔም አውቅ ነበር። ልጁ እንቅልፍ ያግኝ ብሎ ነው።"

"የአርባ ዓመት ልጅ!"

"አትቆጣ እንጂ። በየቅዳሜው እየመጣ ውሃውን ያይልህ አልነበር?"

ይቺ ቃል ናት አንጀቱን የቆረጠችው። ወንድሙ እስኪታመም ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር፤ "ትንሽ ነፋስ ልቀበል" ብሎ ደጅ ይወጣል፤ ተመልሶ ስለ ኳስ ያወራል። ለዚያች ሰዓት ሲል ባለታክሲው ቅዳሜ ሥራ ወጥቶ አያውቅም።

"እኔን ሊያይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር" አለ። "ለካ የሚጠይቀው ራዲያተሩን ኖሯል!"

ብልጭታ ሊስቅ ዳዳውና ፊቱን አይቶ ሻዩን ተጎነጨ።

በማግስቱ ባለታክሲው ውሃ የምታንጠባጥበውን ቱቦ ቀየረ። ብረት ቀራጭ ዘንድ ሄዶ ሁለቱን ጥርሶች የሚያገጣጥም የናስ ማገናኛ አሠራ፤ አሮጌውን ሴንሰር ከወንድሙ የዕቃ ሳጥን አወጣ።

"ጥርሱ ላይ ማሸጊያ ፕላስቲክ እንዳትጠመጥም" አለው ብልጭታ። "ብረት ብረትን ካልነካ አይናገርም።"

"አሁን ነው እውነት የምታስተምረኝ?"

ውሃ ሞልቶ አስነሣ። ሞተሩ በተአምር ተርፏል። መርፌዋ ከሥር ተነሥታ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ እየተንቀጠቀጠች ወጣችና መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። እዚያው፣ ስድስት ዓመት ስትዋሽ የኖረችበት ቦታ።

"በል እንግዲህ፣ ይቅር በለው" አለችው የወንድሙ ሚስት።

"ይቅር ብዬዋለሁ" አለ።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ ይቺን የመጨረሻዋን መልስ ግን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። እሱ ኮፈኑን ብቻ በሁለት እጁ ይዞ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚሰጋ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።