ሮቦኮል የሚሉት ነገር

እናትነሽ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ቢሮ ታጸዳ ነበር። አማርኛዋ የጠራ ስለሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ ዋይስ አንድ ረቡዕ ወረቀት ሰጥቶ ድምፅዋን አስቀዳት። «ወረቀት የሌላችሁ ኢትዮጵያውያን በሦስት ቀን ውስጥ በእኛ በኩል ከፍላችሁ ካልተመዘገባችሁ ትባረራላችሁ» ይላል። እውነት መስሏት አነበበችው።

በሳምንቱ የአገሯ ልጅ ግንበኛው ባንተአምላክ ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር ደወለላት።

«በስልክ በመጣልን መልእክት ላይ ድምፅሽን ለየሁት» አላት። «መንግሥት ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም አሉኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ግን ፈርተው ከቤት አይወጡም። ሥራ ከቀሩ አራት ቀናቸው።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ሳምሳም ሄደች። ሳምሳም ድሬዳዋ ያደገች የቢሮው አስተርጓሚ ናት።

«ያ ያስቀዳችሁኝ ነገር ምን ይባላል?»

«ሮቦኮል፣ እትዬ። ማሽን በራሱ እየደወለ ያሰማዋል። ‹ኮል› ጥሪ ነው፤ ‹ሮቦ› ከሮቦት የተቆረጠ።»

«ሮቦትስ?»

ሳምሳም ስልኳ ላይ ፈልጋ አነበበች። «ከቼኮች ቋንቋ የመጣ ነው። ‹ሮቦታ› ማለት ለጌታ በግዴታ የሚሠራ የጉልበት ሥራ።»

«ሁዳድ በይኛ» አለች እናትነሽ። «አያቴ የባላባት ሁዳድ ሲያርሱ ኖረዋል። እሳቸው እንኳ የተወሰደባቸው ጉልበታቸው ነው። እነዚህ አፌን ወሰዱት።»

ከሰዓት ዋይስ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ሁለተኛ ወረቀት አመጣ። እናትነሽ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ ወረቀቱን ደፋችው።

«እናትነሽ ነኝ። ባለፈው የሰማችሁት ውሸት ነው፤ ተታልዬ ነው ያነበብኩት። ማንም ዘንድ አትመዝገቡ። ወደ ሥራችሁ ውጡ።»

አማርኛ የማይሰማው ዋይስ ወደ ሳምሳም ዞረ። «ልክ ነው?»

ሳምሳም እናቷን የምታስተዳድረው በዚህች ሥራ ነው። ግን እንዲህ ብላ መለሰችለት።

«ወላሂ፣ አንዲት ቃል ስህተት የለውም።»

መልእክቱ ለአምስት መቶ ሰው ተደወለ።

በማግስቱ ነገሩ ዋይስ ጆሮ ደረሰ። «ማን ፈቀደልሽ?» ሲል ጮኸባት።

«ድምፁ የእኔ ነው» አለች በገበያ ሱማሊኛዋ። «የመጀመሪያውንም አጥፋው። እስክታጠፋው አልነሳም።»

ደንበኞች በሚገቡበት በር መሐል ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ላይ ዋይስ ዓይኗ እያየ አጠፋው፤ ከዚያ እሷንም ሳምሳምንም አባረራቸው። ከባንተአምላክ ጋር የሚሠሩት ልጆች ጠዋቱን ሥራ ገብተው ነበር።

ሳምሳም በወሩ ኮድቡር ትምህርት ቤት ተቀጠረች። እናትነሽ እስከ ዛሬ በየቤቱ ልብስ ታጥባለች። ባለቤቶቹ በስሟ ካልጠሯት ግን አቤት አትልም።