የቱታው ጀርባ

«እንደሱ ያለ ጆሮ ዳግመኛ አይፈጠርም!» አለ የሰፈሩ ጎሚስታ። ከቀብሩ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ይቺን ነገር እስካሁን ስንት ጊዜ እንዳላት የቆጠረ የለም። «ሞተርህን እየነዳህ በሩ ላይ ስትደርስ፣ ገና ሳትወርድ፣ የቱ ጋ እንዳመመው ይነግርሃል። ሞተር ያናግረው ነበር እኮ!»

ግቢው ውስጥ በተደረደሩት የውሰት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። የሟቹ ሴት ልጅ የሻይ ፔርሙስ ይዛ መሃላቸው ቆማለች። የጎሚስታውን ብርጭቆ ሞላች፤ ጭኑ ላይ ብታፈስበት ግን ደስ ባላት ነበር።

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ጋሼ ጆሮ በሚል ስም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲያድስ ኖረ፤ በተለይ ቤንዚንና ዘይት ባንድ ላይ ደባልቀው የሚጠጡትን፣ ሰማያዊ ጭስ እየተፉ ሰፈር የሚበጠብጡትን ባለ ሁለት ምት ሞተሮች። ማደስ ብቻ አይደለም። የሲሊንደሩን የጭስ መውጫ በሞረድ ከፍ ያደርገዋል፣ ማርሚታውን፣ ጭሱ የሚወጣበትን ቱቦ፣ ቆርጦ በሌላ ልክ ይበይደዋል፤ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረውን ጉልበት ያገኛል። ከዚያ ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር ማስተካከል ይቀራል፤ ይሄኛው ደግሞ በጆሮ ነው የሚሠራው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ድምፁ ይሰላል፣ ይጮኻል፤ በዚያው ከተነዳ ፒስተኑ ግሎ ይበሳል። የበዛበት ይንተባተባል። በሁለቱ መሃል ያለችው ቦታ የመርፌ ቀዳዳ ታህላለች፤ ጋሼ ጆሮም ስሙን ያገኘው እሷን ከማግኘት ነው።

ልጁም ስም አላት። ሁልጊዜ ከኋላው ቆማ ስለምትገኝ ደንበኞቹ «ጥላው» ይሏታል።

«ጥላው፣ እንግዲህ አንቺስ ምን ትሆኚ?» አላት ጎሚስታው። «ጋራዡን ለማን ትቶት ሄደ?»

«ለኔ» አለች።

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ባይሆን ይስቁ ነበር። እንዳይስቁ ሻያቸውን ፉት አሉ።

ታላቅ ወንድሟ ከመሃላቸው ተነስቶ ክርኗን ያዘና ወደ ጓዳ ወሰዳት። ሌላ ከተማ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ከመጣ ጀምሮ ሲናገር ፎርም የሚሞላ ይመስላል።

«እንግዳ ፊት እንዲህ አይባልም።»

«ምን አልኩ? ለማን ተወው ሲለኝ ለኔ አልኩት።»

«እህቴ፣ ሰው እዚያ በር የሚመጣው የአባባን ጆሮ ብሎ ነው። ጆሮው ተቀበረ። ቦታውን ለቀለም መሸጫ የሚፈልግ ሰው አለ፣ ለቅሶው እንዳለቀ ይረከበናል። አንቺም እረፊ። አስራ አንድ ዓመት ካቻቢቴ ስታቀብዪ ኖረሻል፣ አይበቃም?»

«ካቻቢቴ ሳቀብል!»

«ታዲያ ምን ስታደርጊ ነበር?»

ከልቡ ነው የጠየቃት፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው። ብትነግረውስ ማን ያምናታል? የነበራት ምስክር አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ከትናንት ወዲያ አፈር ለብሷል።

ፔርሙሱን እንደያዘች በጓዳው በር ወደ ጓሮ ወጣች። እናቷ ከእንግዳው ሁሉ ሸሽታ ቧንቧው ሥር ሳፋ ፊት ቁጭ ብላለች። ሳፋው ውስጥ የሟቹ ሰማያዊ ቱታ አለ።

«ምን ልታደርጊው ነው እማ?»

«ለሚለብሰው ልሰጠው። ግን በዚህ መልኩ ለማን ይሰጣል?» እናቷ ቱታውን ከአረፋው አውጥታ ጀርባውን ዘረጋችው። ሁለቱ ትከሻዎች መሃል መዳፍ የሚያህል ጥቁር እድፍ አለ። «ይኸው፣ ስንት ዓመት ስፈትገው! ደረቱ ቢቆሽሽ እሺ። ጉልበቱ ቢቆሽሽ እሺ። የሰው ጀርባ ላይ ግሪስ ምን ይሠራል? ሞተሩን አዝሎ ነው እንዴ የሚያድሰው? ስጠይቀው ደግሞ አይመልስም። እኔን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል!»

«ተዪው እማ። አትጠቢው።»

«ለምን ብዬ?»

እናቷ ሳሙናውን አንስታ እድፉን እንደገና ማሸት ጀመረች።

የዛሬ አስራ አንድ ዓመት፣ ትዳሯ ፈርሶ ሻንጣዋን ይዛ የተመለሰች ሰሞን ነው። በቀትር ምሳውን ይዛለት ጋራዥ ስትገባ አባቷ አንድ ሞተር ፊት ቁጢጥ ብሎ ነዳጅ ይሰጣል። ፊቱ ረክቷል። ሞተሩ ግን ጆሮ የሚሰነጥቅ ስል ጩኸት ይጮኻል፤ በዚያ ግቢ ላደገ ሰው ይህ ጩኸት ምን እንደሚያስከትል ለመናገር መካኒክ መሆን አያስፈልግም። «አባባ አጥፋው!» አለች። ዞር አላለም። ሁለተኛ ስትጣራ ሞተሩ ክርር ብሎ ቀጥ አለ።

ሲፈቱት የፒስተኑ አናት ተበስቷል። አባቷ መዳፉ ላይ አድርጎ ገለባበጠው፣ ከዚያ ከፍ አድርጎ በቀዳዳው አሻግሮ አያት።

«ጆሮዬ ከሄደ ቆየ» አላት። «ሠላሳ ዓመት ማርሚታ ሥር ከርሜ ምን ሊተርፈኝ? እስከዛሬ በግምት ነበር የማዘግመው። ሰው ካወቀ ግን አለቀልኝ።»

በማግስቱ ከኋላው ቆመች። እሱ የካርቡሬተሩን ብሎን ሲያዞር እሷ እጇን ጀርባው ላይ ታሳርፋለች። አንድ ጣት ከተጫነችው ቤንዚን አንሷል። ሁለት ጣት ከሆነ በዝቷል። ሙሉ መዳፏን ስትለጥፍበት ደርሷል፣ እንዳትነካው ማለት ነው። ጋሼ ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ ያዞራል፣ ደንበኛው አፉን ከፍቶ ያያል። «አባቷን እንዴት ብትወደው ነው፣ እጇን ከጀርባው አታነሳም!» ይላሉ። ሰላም ብለውት ዝም ሲላቸው «እሽሽ፣ ሞተር እያዳመጠ ነው» ይባባላሉ። ፊት ለፊት የመጣበትን ከከንፈር እያነበበ ይመልሳል፤ የቀረውን ኮስታራነቱ ሸፈነለት። እናቷ እንኳ የምታውቀው ሚስቱን የማይሰማ ባል መሆኑን ነው፣ እሱ ደግሞ ብርቅ አይደለም።

አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ ይላት ነበር። ያ አንድ ቀን ሆስፒታል ድረስ መጣለት። በወጣትነቱ በሞተር ውድድር ዋንጫ የበላ፣ እስካሁን ሻምፒዮኑ የሚባል ደንበኛ ሊጠይቀው መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ይሄን ጆሮ ከማን አገኘኸው?» አለው። አባቷ የሻምፒዮኑን ከንፈር አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ጠበቀች።

«የፈጣሪ ስጦታ ነው» አለ አባቷ።

ክፍሉን ጥላ ወጣች። በማግስቱ ተመለሰች፣ ልትወቅሰው። በጀርባው ተኝቶ ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ። እሷ የምታናግርበት ጀርባው ከፍራሹ ጋር ተጣብቆ ቀረ። በዚያው ሞተ።

«የኔን አንበሳ ልወስደው ነው» የሚል ድምፅ ጓሮ እንደቆመች ከፊት ግቢ ሰማች። ራሱ ሻምፒዮኑ ነው። ስትደርስ የጋራዡን በር ወንድሟ ከፍቶለት፣ ሊታደስ ያስገባውን ሞተሩን አውጥቷል። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጊዜው አይደለም። ግን የጋሼ እጅ የመጨረሻ ሥራ ነው። እየነዳሁት ልሂድ፣ የሚገባው ክብር እንደዚያ ነው።»

«አላለቀም» አለች። «የጭስ መውጫውን ሞርዶ እንደገጠመው ነው የታመመው። ካርቡሬተሩ አልተስተካከለም።»

«ይውሰደው» አለ ወንድሟ። «አንድ ነገር ቀለለን።»

ሻምፒዮኑ ረገጠው። በሦስተኛው ተነሳ። ነዳጅ ሲሰጠው ሰማያዊው ጭስ ወንበሮቹን ሸፈናቸውና ያ ስል ጩኸት ግቢውን ሞላው። ጎሚስታው ባርኔጣውን አወለቀ። «ስሙት! የጋሼ ጆሮ ሥራ! ነፍሱን ይማረው!» ሁለት ሰዎች አለቀሱ።

ይሄኔ ነው የበቃት። ፔርሙሱን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደችና ሞተሩን አጠፋችው።

«እናንተ የምታለቅሱለት ድምፅ የሞተሩ መበላሸት ነው! መንገዱ ጫፍ ሳትደርስ ፒስተኑን ትበሳዋለህ፣ የኋላው ጎማ ይቆለፍና አንተም እዚያው ትቀራለህ። ማናችሁም አትሰሙም እንዴ? እሱም አይሰማም ነበር! አባቴ ደንቆሮ ነበር!»

ወንድሟ ክንዷን ያዛት። «አባትሽን በሞተ በሦስተኛው ቀን ትሰድቢዋለሽ?»

«ስድብ አይደለም! ጆሮው አይሰማም ነበር ነው የምለው። አስራ አንድ ዓመት አንድም ሞተር አልሰማም። የሰማሁት እኔ ነኝ! ጀርባው ላይ በጣቴ እየነገርኩት ነው የሠራው። በዚች እጄ!» ሁልጊዜ በቅባት የጠቆረች ቀኝ እጇን ፊቱ ላይ ዘረጋችለት።

«ሐዘን ነው፣ ተዋት» አለ ጎሚስታው።

ወደ ጓሮ ሮጠች። እናቷ ጩኸቷን ሰምታ ቆማለች፣ ቱታው ከእጇ ውሃ ያንጠባጥባል። ምንም ሳትላት ነጠቀቻትና ከጥቁር ቀሚሷ በላይ እንደራሰ ለበሰችው። እጅጌውን እየጠቀለለች ተመለሰች፣ ከጋራዡ ካቻቢቴ አነሳች፣ ሞተሩ ፊት ቁጢጥ አለች።

«አስነሳው» አለችው ሻምፒዮኑን።

ሰውየው ወንድሟን አየ፣ እሷን አየ፣ ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ። የካርቡሬተሩን ብሎን ሩብ ዙር አዞረችው፤ ጩኸቱ ሰበር አለ። ጥቂት ጨመረች፤ መንተባተብ ጀመረ። መለስ አደረገችው፣ ከዚያም በጣም ትንሽ፣ ካቻቢቴው የዞረ እስከማይመስል ድረስ። ድምፁ ሞላ። ወፍራም፣ ክብ፣ ያልተቆራረጠ ሆኖ ቆመ። ሻምፒዮኑ እጀታውን እንደያዘ አንገቱን አቀረቀረና ቀና አላለም።

ደርሷል። የምትነግረው ሰው ግን የለም። ቀኝ እጇ ሳታዘው ከፊቷ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ፤ ያ ጀርባ አሁን የራሷ ነው፣ እሷ ደግሞ አትደርስበትም። አባቷ እንዲህ ቁጢጥ ብሎ፣ ድምፅ አልባ ዓለም ውስጥ፣ የሷን ጣት ብቻ ይጠብቅ እንደነበር ገባት። አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሮ ዞር ብሎ አላያትም። ይሄንን ለሰው ቢናገርስ ምን ነበረበት? ተናደደችበት፣ እንደ አዲስ፣ እንባዋ እየወረደ።

አንድ እጅ ጀርባዋ ላይ አረፈ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሙሉ መዳፍ፣ ሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል፣ እድፉ ላይ። እናቷ ያን ቦታ ስንት ዓመት ስትፈትገው ኖራለች፣ ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች።

«እዚህ ጋ ነው አይደል?» አለች እናቷ።

ሞተሩ እየሠራ ነው። ልጅቱ ካቻቢቴውን ከብሎኑ ላይ አነሳች። እናቷ እጇን አላነሳችም።