ጋቢው የማን ነው?

የመናፈሻው በር ላይ ጥበቃዋ ከሰፊያ ዘንቢል ውስጥ ፔርሙዙን አወጣችና ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ቀጥላ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ አወጣች። ቀጥላ ሌላ ፌስታል፣ ዳቦ።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለች ሰፊያ ልጇን ናሲርን።

«ምግብ ማስገባት ክልክል ነው ትላለች፣ እማ።»

«ታዲያ ትብላው በላት። የዛሬ ዳቦ ነው።»

ጥበቃዋ ምን እንደተባለ ባይገባትም ሳቀች። ለአሮጊቷ አዘነች መሰለኝ፣ ፔርሙዙን መልሳ ሰጠቻት፤ ቆሎውና ዳቦው ግን ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። ከኋላ የተሰለፈው ወጣት ሁሉ ትዕግስቱ አልቆ ይቁነጠነጣል። ናሲርን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው።

ልጁ ኢስራ እኮ መኪና ውስጥ ሁሉንም ከስልኳ አንብባለት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት፦ ምግብ አይገባም፣ ጭንብል አይደረግም፣ ጫማችሁ የሚመች ይሁን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሱ፣ አለዚያ ሰልፉ አያልቅላችሁም። ጭራቆቹ አይነኳችሁም፣ እናንተም አትንኳቸው። ይህችን የመጨረሻዋን ደግማ አንብባታለች። ናሲር ሰምቷል። ከኋላ ወንበር ለተቀመጠችው እናቱ ግን አልተረጎመላትም። ምን ብሎ ይተርጉም? ለእሷ የነገራት «መናፈሻ ነው፣ ትንሽ አየር ትቀበያለሽ» ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ፓርክ ቀን ቀን የልጆች መጫወቻ ነው። ጥቅምት ሲመጣ ግን ለጥቂት ሳምንታት አመሻሽ ላይ ወደ ማስፈራሪያ ይለወጣል፤ ሰው ከፍሎ ገብቶ ይደነግጣል፣ ደንግጦ ይስቃል፣ ስቆ ደግሞ ይሰለፋል። ናሲር ሜልበርን፣ ላቨርተን ኖርዝ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። አለቃው ክሬግ ለሠራተኛው ሁሉ ቲኬት ቡክ አድርጎ፣ «ቤተሰብህን ይዘህ ና፤ ራት ላይ ለሁሉም የምናገረው ነገር አለ» ብሎ ጠቀሰው። ናሲር ገብቶታል፤ ቲም ሊደር፣ የቡድን አለቃ፣ ሊያደርገው ነው። ስንት ዓመት የጠበቀው ነገር! ሚስቱ ሳጂዳ ደግሞ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሽፍት ገብታለች። እናቱን አስኮት ቬል ያለው መኖሪያ ፎቃቸው ላይ ዘግቶባት ይምጣ? እንግዳን፣ ያውም እናትን፣ ያውም ከኮምቦልቻ በመጣች በሳምንቷ? ይህ እንኳን ሲሠሩት ሲያስቡትም ነውር ነው። ስለዚህ ዋሻት። ትንሽ ውሸት ናት ብሎ ዋሻት።

ሰፊያ የመጣችው ለጥየቃ ብቻ አልነበረም። ባሏ ከሞቱ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ናሲር እዚሁ እንድትቀርለት በስልክ ሲለምናት ከርሟል። ኤርፖርት ላይ አቅፋ ስማው እንደጨረሰች ነበር መልሷን የሰጠችው።

«አይቼ እወስናለሁ» አለችው። «ማንም የማያውቀኝ አገር ምን እሠራለሁ፣ ናሲሬ?»

«እኔ እያለሁልሽ?» ብሏት ነበር።

እንግዲህ በሩን እንዳለፉ ናሲር አረንጓዴ መብራት ያለው የአንገት ሐብል ገዝቶ አጠለቀላት። ሰፊያ የባሏን ጋቢ ከሂጃቧ በላይ ደርባለች፤ ሐብሉ ጋቢው ላይ ቦግ አለ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጌጥ ነው።»

ጌጥ አልነበረም። ይህን ያጠለቀን ሰው አታስደንግጡ የሚል ምልክት ለጭራቆቹ ነው። አስቦላታል እንግዲህ፤ አላሰበላትም አይባልም።

«አንቺ ከኢስራ ጋር እዚህ ወንበር ላይ ሻይሽን ጠጪ፣ እኔ ከሥራ ሰዎች ጋር ደረስ ብዬ እመጣለሁ» እያላት ሳለ፣ የፊቱ ቆዳ የተገሸለጠ ሰውዬ የእንጨት መሰንጠቂያ ሞተር እያስጮኸ በአጠገባቸው አለፈ። ሐብሉን ሲያይ ሞተሩን አጠፋና ለሰፊያ እጅ ነስቶ ሄደ።

«አዑዙ ቢላህ! ይህን ምን አገኘው?»

«ቀለም ነው፣ እማ። ተዋናይ ነው።»

«መናፈሻ አይደል ያልከኝ?»

ናሲር ሰዓቱን አየ።

«እኔ እዚህ አልቀመጥም» አለች ሰፊያ ዘንቢሏን አንስታ። «የምትገቡበት እገባለሁ። ከዚህ ሁሉ ጉድ ጋር ብቻዬን? ሞቼ ነው!»

«ከኢስራ ጋር እኮ ነሽ።»

«ኢስራም ልትገባ አይኗ ቀልቷል፣ አታያትም?»

እውነቷን ነው፤ ኢስራ መግባት ፈልጋ ልቧ ቆሟል። ናሲር ተሸነፈ። «እሺ፣ ከኋላ ከኋላ ኑ» አላቸው፤ እሱ ወደ ሰልፉ ራስ፣ ክሬግና የመጋዘኑ ሰዎች ወዳሉበት ገሠገሠ።

ለምን ቀደመ? እዚህ ላይ ናሲርን መጠየቅ ነበር። እናቱን ይዞ ሄዶ «ክሬግ፣ እናቴ ናት» ማለት ምን ይከብዳል? ግን ያ ነጭ ጋቢ፣ ያ ዘንቢል፣ ያ ፔርሙዝ... ራት ላይ አስተዋውቃታለሁ ብሎ ለራሱ ነገረው። ክሬግ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ናስ! ቤተሰብህስ?» ሲለው «እየመጡ ነው» አለ። ይህችኛዋ እንኳን ውሸት አልነበረችም።

የገቡበት ቤት ሥጋ ቤት ተብሏል። ከእንጨት የተሠራ፣ ጨለማ፣ መተላለፊያው ጠባብ። ከየጥጉ እየዘለሉ የሚጮኹት ሰዎች ናሲርንም ክሬግንም በድንጋጤ አዘለሏቸው። ከኋላ ደግሞ የእናቱ ድምፅ ይሰማዋል። ጭራቆቹ ዘለው ይወጡና አረንጓዴውን መብራት ሲያዩ አጎንብሰው ይመለሳሉ፤ እሷም ለእያንዳንዱ «ደህና አመሸህ? አንተስ፣ ደህና አመሸህ?» ትላለች።

«ጨዋ ልጆች ናቸው እኮ» አለቻት ለኢስራ። «መልካቸው ነው እንጂ።»

ኢስራ በሳቅ ፍርፍር አለች።

መጨረሻው ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ወንበር ላይ ታስራለች። ልብሷ በደም ርሷል፤ አጠገቧ ቢላዋ ተሰቅሏል። የተመልካቹ መንገድ በገመድ ተከልሎ በአጠገቧ ያልፋል። ልጅቷ ትንፈራገጣለች፣ «ሄልፕ! ፕሊስ፣ ሄልፕ ሚ!» እያለች ታለቅሳለች። ሰዉ ስልኩን ደግኖ እየቀረጸ፣ እየሳቀ ያልፋል። ናሲርም አለፈ።

ሰፊያ ግን ቆመች። በዚያ ሳምንት ኢስራ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል አስተምራታለች። ታንክ ዩ፣ ሶሪ እና ሄልፕ። «እማማ፣ ከጠፋሽ ሄልፕ በዪ፣ ሰው ይመጣልሻል» ብላታለች።

«ኢስራ፣ ልጅቷ እኮ ሄልፕ አለች!»

«እማማ፣ ኖ፣ አክቲንግ ነው። ኢትስ ኖት ሪል።»

«ሰው ሄልፕ ካለ ይመጣሉ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? የታሉ የሚመጡት? ይስቃሉ እንጂ!»

ኢስራ ክንዷን ልትይዝ ስትል ሰፊያ ገመዱን ተሻግራለች። ጋቢውን ከላይዋ ገፍፋ ልጅቷን ጠቀለለቻት። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ማን ይሆን እንዲህ ያደረገሽ?» እያለች እስሩን በእጇ ሞከረች፣ እምቢ ሲላት በጥርሷ ያዘችው። ተዋናይዋ መጮኋን ትታ አፏን ከፍታ አየቻት። ሰፊያ ፔርሙዙን ከፍታ፣ በክዳኑ ሻይ ቀድታ፣ ከንፈሯ ላይ አደረገችላት።

መብራት በራ። ደሙ ቀለም፣ ቢላዋው ጎማ ሆኖ ታየ። ሬዲዮ የያዘ ቀጭን ጥበቃ እየሮጠ መጣ።

«ተዋናይ መንካት ክልክል ነው! ይህች ሴትዮ ከማን ጋር ናት?»

ሰዉ ሁሉ ዞሯል። አንዱ የመጋዘን ልጅ በሳቅ ሆዱን ይዟል። ክሬግ አንገቱን አሰገገና፣ «ናስ፣ የአገርህ ሰው ትመስላለች። ታውቃታለህ እንዴ?» አለ።

«አላውቃትም» አለ ናሲር።

ከአፉ ወጣች፤ አልቋል። ቀጠለባትም፦ «ቋንቋዋን ግን እችላለሁ። ላስተርጉምላችሁ።»

ከዚያ ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንም በማይሰማው አማርኛ «እማ፣ ነይ፣ እንውጣ» አላት። ማንም የማይሰማው መስሎት ነው። ኢስራ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ሰምታለች።

ውጪ ነፋሱ ብርቱ ነበር። የሜልበርን ጥቅምት መቼ ይታመናል፤ ቀን ሲያቃጥል ውሎ ሲመሽ አጥንት ይሰብራል። ጥበቃው እስከ ውጪ በር ሸኛቸው፤ ሴትዮዋ ተመልሳ መግባት አትችልም አለ። ናሲር ለክሬግ «ቤተሰቦቿን አፈላልጌላት እመለሳለሁ» ብሎ ነው የወጣው። እንዲያ ነው ያለው፣ በዚያው አፉ።

ሰፊያ ከበሩ ውጪ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ያቺ ልጅ በእውነት ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሥራዋ ነው።»

«ማልቀስ ሥራዋ?» ራሷን ነቀነቀች። «እኔማ ፖሊስ ጠርተው ሊያስሩኝ መስሎኝ ነበር። ተቆጥተው ነበር አይደል? ምን ብለህ አስጣልከኝ?»

ናሲር የጃኬቱን ዚፕ ከፍቶ መልሶ ዘጋ።

ሰፊያ እጆቿን ዘረጋች። «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር! አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ናሲሬ። ልክ እንደቆምክልኝ ልጅህም እንዲሁ ትቁምልህ። አሚን በዪ፣ ኢስራ።»

ኢስራ አሚን አላለችም። አባቷን ቀና ብላ አየችውና በእንግሊዝኛ፣ አያቷ እንዳይገባት፣ «ለምን እንደዚያ አልክ?» አለችው።

«አሁን አይደለም፣ ኢስራ።»

«እኔም ትምህርት ቤት ስትመጣ ለጓደኞቼ አላውቀውም ልበል?»

ናሲር ፊቱ ነደደ። ቢቆጣት ደስ ባለው፤ በምን አንደበቱ?

«ምን ትላለች?» አለች ሰፊያ።

ኢስራ አንዴ አያቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «ዳድ ጎበዝ ነው፣ ነው ያልኩት» አለች።

ይህችኛዋ ጨረሰችው። ልጁ ስለ እሱ ብላ ስትዋሽ ቆሞ አየ። ከማን እንደተማረችው የሚጠፋው ሰው አልነበረም።

«ጋቢዬስ?» አለች ሰፊያ ትከሻዋን እያሸች። «ልጅቷ ጋ ቀረ።»

«ሌላ እገዛልሻለሁ።»

«የአባትህን ጋቢ? ከየት ነው የምትገዛው?»

ናሲር ጃኬቱን አውልቆ ደረበላትና ቲኬቱን አሳይቶ ተመልሶ ገባ።

የመጋዘኑ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ራት ጀምረዋል። ቀጭኑ ጥበቃ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል፤ ጋቢው ክንዱ ላይ ታጥፏል፣ ጥለቱ ላይ ቀይ ቀለም ነክቶታል።

«ናስ!» አለ ክሬግ። «አሮጊቷን ለሰዎቿ አስረከብክ? ና ተቀመጥ፣ አንተን ነው የምንጠብቀው።»

«ይህ የእሷ ነው» አለ ጥበቃው። «ልጅቷ ይመለስላት ብላ እያለቀሰች ነው የሰጠችኝ፤ በእውነት እያለቀሰች። የት እንዳለች ታውቃለህ?»

ስጠኝ፣ ላድርስላት ቢል ያልቃል። ማንም ምንም አይጠይቀውም። እናቱ ጋቢዋን ታገኛለች፣ እሱም ተመልሶ ራቱን ይበላል፣ ክሬግ ተነስቶ ይናገራል፣ ይጨበጨባል። እጁን እንደዘረጋ ያ ሁሉ በጭንቅላቱ አለፈ። እጁ ጋቢውን ነካ። አባቱ ጁምዓ ጁምዓ የሚለብሱት ጋቢ ነበር።

«የእናቴ ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«ጋቢው የእናቴ ነው።»

ጥበቃው ግራ ተጋባ። «አላውቃትም አላልክም እንዴ?»

«ዋሽቼ ነው።»

ያ ሲስቅ የነበረው ልጅ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ክሬግ ሹካውን አስቀመጠ። ናሲር ፊቱን ማየት አቃተው፤ ግን ጨረሰው። «ከአገር ቤት የመጣች ሳምንቷ ነው። ይህ ምን እንደሆነ ሳልነግራት ነው ያመጣኋት። ልጅቷ የምር የታሰረች መስሏት ነው። አፈርኩባት፣ ክሬግ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ናስ...» አለ ክሬግ። «ታዲያ ጥራት፣ ትግባና ትብላ።»

ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። «ተመልሳ መግባት አትችልም።»

«አውቃለሁ» አለ ናሲር። «እኔም እየወጣሁ ነው።»

«የምናገረውስ?» አለ ክሬግ።

«ሰኞ ንገረኝ። ሐሳብህን ካልቀየርክ።»

ሲመለስ ኢስራ አያቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ናሲር ጃኬቱን አላነሳም፤ ጋቢውን ከላይ ደረበላት። ሰፊያ ቀዩን ቀለም በጥፍሯ ፈቀፈቀች። «ይለቃል፣ ግድ የለም» አለች። «ልጅቷ ሰጠችህ? ጨዋ ናት። አላህ አንተንም...»

«እማ፣ ቆይ» አለ ናሲር። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም፤ ፊት ለፊቷ በጉልበቱ ተንበረከከ። ኢስራ እጁን ይዛ ጎተተችው፤ ተው ማለቷ ነው። አልተወም።

«ቅድም የመረቅሽኝን መልሰሽ ያዢው። መጀመሪያ ምን ብዬ እንዳስጣልኩሽ ልንገርሽ።»

ሰፊያ እጇን ከቀለሙ ላይ አነሳች።

«ንገረኛ» አለችው።