ከጠርሙሱ የጎደለው

«ቀበጥ» ቤተሰቡ ያወጣላት ስም ነው። እሷም ስሙን ላለማሳፈር የምትችለውን ሁሉ ታደርጋለች።

የዚያን ቀን ጠዋት በአክስቷ ዳቦ ቤት ጓዳ ውስጥ ሚዛኑ ሞተ። አክስቷ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ገለበጠችው፣ ባትሪውን አውጥታ በሽርጧ ጠርጋ መለሰችው። ወይ ፍንክች!

«በይ ወረቀቱን አንብቢልኝ» አለቻት።

«የለውዝ ቅቤ፣ ሰባት መቶ ሃምሳ ግራም።»

የብስኩቱን አሠራር የያዘውን ወረቀት የላከው የትልቁ ካፌ ሼፍ ነው። ብስኩቱን አራት ሰዓት ላይ ቀምሶ ከወደደው፣ ከነገ ጀምሮ የካፌው ብስኩት የሚጋገረው እዚህ ነው። ካልወደደው ሌሎች ሁለት ዳቦ ቤቶች ተራ ይዘዋል። አክስቷ ለዚህች ቀን ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች።

ዱቄቱና ስኳሩ በኪሎ ስለታሸጉ አላስቸገሩም። የለውዝ ቅቤው ግን አክስቷ ራሷ ፈጭታ በባልዲ ያስቀመጠችው ነው፤ ባልዲ ደግሞ ግራም አያወራም። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም።

«አንድ ኩባያ ዱቄት መቶ ሃያ አምስት ግራም አይደል? ስለዚህ ስድስት ኩባያ!» አለች ቀበጥ ደረቷን ነፍታ።

«ጉድ ፈላ! ዱቄት እኮ ግማሹ አየር ነው፤ የለውዝ ቅቤ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። በስድስት ኩባያ ብስኩት ሳይሆን የግድግዳ ማጣበቂያ ነው የምንጋግረው።» አክስቷ ትንሽ አሰበችና ፊቷ በራ። «ከሱቅ የገዛነው ጠርሙስ አለ አይደል? አምስት መቶ ግራም ይላል። ስንት ማንኪያ እንደሚወጣው እንቆጥርና ባልዲውን በዚያው እንሰፍረዋለን። አለቀ!»

ቀበጥ በልቧ አጨበጨበች። የሂሳብ አስተማሪዋ ሰሌዳ ሙሉ ጽፎ ያላስገባላትን ነገር ይቺ ሴትዮ በአንድ ጠርሙስ ጨረሰችው! ከዚያ ግን ስለ ጠርሙሱ አንድ ነገር ትዝ አላትና ጭብጨባዋን አቆመች።

አክስቷ እያንዳንዱን ማንኪያ በቢላ ጀርባ እያስተካከለች ወደ ሳህን ገለበጠች። ሃያ ሰባት ሆነ።

«እንግዲያው ሰባት መቶ ሃምሳ ማለት አርባ ማንኪያ ተኩል ነው» አለች፣ ቢላዋን እየጠረገች። እስክሪብቶ እንኳ አልነካችም።

ቀበጥ ዝም ብትል የሚሆነውን አወቀች። ቅቤው ያንሳል፣ ብስኩቱ ሼፉ እጅ ላይ ይፈረፈራል።

«አክስቴ፣ አትቆጪኝም?»

«እንደ ነገሩ ሁኔታ ነው።»

«ጠርሙሱ... ጎድሎ ነበር።»

«አይጥ ነው?»

«ቆንጆ አይጥ።»

«ስንት ማንኪያ?»

«ሁለት።»

አክስቷ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ከአንገቱ ሥር ቀጭን የዘይት ቀለበት መስተዋቱ ላይ ደርቋል፤ ቅቤው ከፋብሪካ ሲመጣ የደረሰበት ልክ ነው። ሃያ ሰባቱን መልሳ ጠቀጠቀች፣ ከባልዲው ሁለት ጨመረች። ቀለበቱ ጋ አልደረሰም። ሦስተኛውን ጨመረች። አራተኛው ልክ መስመሩን ነካ።

«አራት» አለች ቀበጥ፣ መሬት መሬት እያየች።

«አፍሽ ዋሸ፣ ጠርሙሱ ግን አልዋሸም። ሠላሳ አንድ ነው። ስለዚህ አርባ ስድስት ተኩል። ኩባያዬ አሥራ ስድስት ማንኪያ ይይዛል፤ ሦስት ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ ተኩል ሲቀረው። ስፈሪ!»

ቀበጥ ሰፈረች። ብስኩቱ ምድጃ ሲገባ ግን በወረቀቱ ጀርባ ደብቃ አሰላችው። ሁለቴ። ቁርጥ አክስቷ ያለችው ሆነ። ይቺን ሴትዮ ትምህርት ቤት ያላስገባት ማን ይሆን? ገብታ ቢሆን አስተማሪው ቾኩን ያስረክባት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ሼፉ መጣ። ብስኩቱን ለሁለት ሰበረው፤ ቀጭ አለ፣ አልተፈረፈረም። አኘከ። ሌላ አነሳ።

«ነገ ጠዋት ሁለት መቶ ይድረሰኝ» አለ። «ግራሟን እንዲህ ቁጭ ያደረገ ሚዛን የት ነው የሚሸጠው?»

አክስቷ በዱቄታም ጣቷ ወደ ቀበጥ ጠቆመች።

«ያቻት። አንዳንዴ ብቻ አራት ማንኪያ ታጎድላለች።»