አንሶላ ክፍል የሰነበተችው እንግዳ

ሮዚና የማርያምን ሥዕል ያገኘቻት በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ንጹሕ ፎጣ ልታወጣ አንሶላ ክፍል ስትገባ ነው። ያረገዘችው ማርያም እጇን ሆዷ ላይ እንዳሳረፈች፣ ከተደረደሩት ፎጣዎች ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሮዚና ክው አለች።

በዚያ የዛልዝቡርግ ተራራ መንደር ገና ሲቃረብ ሥዕሏ በየቤቱ ትዞራለች። በሄደችበት ቤት አንድ ሌሊት ታድራለች፤ ሻማ ይበራላታል፣ ቤተሰቡ ተንበርክኮ ይጸልያል። በማግሥቱ ያሳደረቻት ሴት ራሷ ይዛ ለሚቀጥለው ቤት ታደርሳታለች። በዋዜማው ምሽት ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ትመለሳለች። ሮዚና ጋ የመጣችው ከባሏ ጋር የምታስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ፣ ፔንሲዮኑ፣ በበረዶ ሸርተቴ እንግዶች ጢም ባለበት፣ የሰባት ቁጥር ክፍል ማሞቂያ በተበላሸበት ቀን ነበር። ከጎረቤቷ እጅ ተቀብላት፣ "አንዴ እዚህ ትቆይ፣ አሁን መጣሁ" ብላ አስቀመጠቻት። ይኸው ከአራት ቀን በኋላ መጣች።

ቀጣይዋ ተረኛ ደግሞ ሌላ ማንም አልነበረችም፤ እትዬ ክሬሴንስ ናት። ታች ወንዙ ዳር ብቻዋን የምትኖር ባልቴት፣ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ዳገቱን ወጥታ ቤተ ክርስቲያን መሳም ያልቻለች። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቃት እንግዳ ይህችው ሥዕል ነች።

ሮዚና ሥዕሏን አቅፋ ወጥ ቤት ገባች። ባሏ ሊዮንሃርድ የዋዜማውን የቋሊማ ሾርባ ያማስላል።

"ሊዮንሃርድ፣ ጉድ ሆኛለሁ።"

"ምነው? ኬኩ አረረ?"

"ማርያምን ረስቻታለሁ።"

ሊዮንሃርድ ሊስቅ ዳዳውና የሚስቱን ፊት አይቶ ተወው። "በቃ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂና ለአባ አስረክቢያት። ቅዳሴው ደርሷል። አሮጊቷም እስካሁን ረስታዋለች።"

"እሳቸው? አምና የሾርባችን ጨው መብዛቱን እስከ ዛሬ የሚያነሱ ሴትዮ?"

እውነቱን ለመናገር ምክሩ አጓጉቷታል። ዳገቱን ወጥቶ ለቄሱ ማስረከብ፣ ከዚያ ወደ እንግዶቿ መመለስ፤ ማን ያውቅባታል? ግን ያንገበገባት የአሮጊቷ ነገር ብቻ አልነበረም። ሮዚና ድሮ ማልዳ ተነስታ፣ ሰው ሳይነቃ ከኢየሱስ ጋር የምታወራ ሴት ነበረች። እንደ ጎረቤት ነበር የምታወራው፤ የሆዷን ሁሉ ትነግረዋለች። የእንግዳው ወቅት ከጀመረ ወዲህ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለልደቱ ኮከብ ሰቀለች፣ ብስኩት ጋገረች፣ የቤተልሔሙን በረት ምስል ከነበጎቹ በር ላይ አቆመች። እሱን ራሱን ግን "ከበዓሉ በኋላ" ብላ አቆይታዋለች። ከፎጣው ኋላ ያየችው ማርያምን ብቻ ሳይሆን እሱንም የረሳችበትን ሥራዋን ነው።

"ሾርባውን አንተ ያዘው" አለች። ሥዕሏን በብርድ ልብስ ጠቀለለቻትና የእንግዶች ሻንጣ በሚጎተትበት ሸርተቴ ላይ አስራ ወደ ወንዙ ወረደች።

ክሬሴንስ በሩን የከፈተችው የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ሻማው ግማሽ ድረስ አልቋል።

"መንገዱ ጠፍቶሽ ነው?" አለች። "ጣራዬ እኮ ከመስኮትሽ ይታያል።"

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ረሳኋት።"

"የት አድርገሻት?"

"አንሶላ ክፍል። ፎጣ ኋላ።"

"አይ ሮዚና! የቤተልሔም ሰዎች እንኳ 'ቦታ የለም' ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። አንቺ እሺ ብለሽ ተቀብለሽ ረሳሻት!" ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። "በየምሽቱ ለባብሼ ተቀመጥኩ፤ ደጄ ላይ ኮቴ ሳዳምጥ። እሷም ቀረችብኝ ብዬ አለቀስኩ።"

የሮዚና እንባ ወረደ። ክሬሴንስ ጥቂት አየቻትና ክርኗን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

"በይ ሥዕሏን አቁሚያትና ጸልዪ። ጸሎቱን ሥዕሏን ያመጣ ነው የሚጀምረው።"

ሮዚና ተንበረከከች። "አልችልም፣ እትዬ። ካናገርኩት ቆይቻለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሥራ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ሥራሽን ንገሪው። አናጢ ቤት ነው ያደገው፤ ሥራ አያስደነግጠውም።"

"ጌታዬ፣ የሰባት ቁጥር ማሞቂያ ተበላሽቷል" አለች ሮዚና፤ እንዳለችውም አፈረች። ክሬሴንስ ግን አልሳቀችም። "ሁለት ቁጥር ያሉት ባልና ሚስት ቁርስ ላይ ተኳርፈው ነው የሚበሉት፤ እባክህ አስታርቃቸው። አንሶላ የምታጥብልኝ ልጅ እናቷ ታማለች። እኔ ደግሞ ዘገየሽ እያልኩ ስቆጣት ከረምኩ። ሊዮንሃርድን ደከመህ ወይ ብዬው አላውቅም። አንተንም..." ቀና ብላ ሥዕሏን አየች። "ናፍቀኸኛል" አለች በመጨረሻ።

ክሬሴንስ አሜን አለች። ሮዚና ደረቷ ቀለላት፤ ከስንት ሳምንት በኋላ ሙሉ ትንፋሽ ሳበች።

ከላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። ሥዕሏ መመለሻዋ ደርሷል፤ ክሬሴንስ ግን የአንድ ሌሊት ድርሻዋን አላገኘችም። ሮዚና በመስኮት ሸርተቴውን አየች።

"እትዬ፣ ካፖርትዎን ይልበሱ።"

"በዚህ ጉልበት?"

"ጉልበትዎን ማን ጠየቀው? ሸርተቴ አለኝ።"

"የሻንጣ ሸርተቴ ላይ! መንደሩ ምን ይላል?"

"ሻንጣ መጣ ይላል።"

ክሬሴንስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሻርፗን አሰረች።

እንዲህ ሆነው ዳገቱን ያዙ። ክሬሴንስ ሥዕሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ብርድ ልብሱን ለሁለት ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ሮዚና ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጥላ ትጎትታለች። በፔንሲዮኑ በኩል ሲያልፉ እንግዶቹ በመስኮት ተንጠራሩ። ሊዮንሃርድ ጭልፋውን እንደያዘ በረንዳው ላይ ብቅ አለ።

"ሴትዮ፣ እራቱስ?"

"አንተው አቅርበው! ደግሞ ደክሞህ ከሆነ ተቀመጥ!"

ሊዮንሃርድ የሰማውን አላመነም። ሚስቱ እንዲህ ካለችው ዘመን ሆኖታል።

ዳገቱ በረታ፣ ሮዚናም ቁና ቁና ተነፈሰች። ከንፈሯ ግን አላረፈም፤ በየእርምጃው የሆነ ነገር ታወራለች።

"እኔን ነው የምታናግሪኝ?" አለች ክሬሴንስ ከኋላዋ።

"አይ፣ እትዬ።"

"እሰይ!" አለች ክሬሴንስ፣ ብርድ ልብሱን በማርያም ሆድ ላይ ሳብ እያደረገች። "እንግዲያው ቀጥዪ፤ እኔ አላቋርጣችሁም።"