የሻማ ክር አጣሪ ኮሚቴ

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ቤት በዋለ በሁለተኛው ሳምንት የጨው ዕቃው ላይ «ጨው»፣ የስኳሩ ላይ «ስኳር» ብሎ ጽፎ ለጠፈ። እናቴ አየችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሥራ የፈታ ሰው እጁን እንደሚበላው ታውቃለች።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ዓይኗን ሲያደክማት ጊዜ፣ ከስፌቱ ጎን ለጎን በብርጭቆ ሻማ መሥራት ጀመረች። ክሩን ብርጭቆው መሃል ታቆምና ሰም አቅልጣ ታፈስበታለች። አንዲት የጥርስ ሐኪም፣ ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞቿ ትንሽ ልባቸው ረጋ እንዲል ብላ አርባ ሻማ አዘዘቻት። እናቴ አርባውንም ሠርታ ስትጨርስ አንዱን ለኮሰችው። ነበልባሉ መሃል ለመሃል ጉድጓድ እየቆፈረ ወረደ፤ ዳር ዳሩን ያለው ሰም ግን ንክች አላለም። ብዙም ሳይቆይ እሳቱ የቀለጠው ሰም ውስጥ ሰጥሞ ጠፋ።

«ክሩ ቀጥኗል» አለች። «ወፈር ያለ ሞክሬ መቀየር አለብኝ።»

አባቴ «ሞክሬ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። ሙከራ እንዲህ በዘፈቀደ እንደማይካሄድ፣ መመሪያ፣ ቅጽና ኮሚቴ እንደሚያስፈልገው አስረዳት። እሷም ሐኪሟ የምትመጣው ከአራት ቀን በኋላ መሆኑን ብቻ አስታውሳው ወደ ጓዳ ገባች።

ኮሚቴው በማግስቱ ሳሎን ውስጥ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አባቴ ነው። ጸሐፊው የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ አጎቴ ነው፤ ምስኪኑ ሱቁን ዘግቶ የመጣው ለአንድ ሰዓት መስሎት ነበር። እኔ ድምፅ የሌለኝ ታዛቢ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን «ቀለጠ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲወሰን ዋለ። አጎቴ የቀለጠ ማለት ሲያዘነብሉት የሚፈስ ነው አለ። አባቴ ይህ የመንደር ወሬ እንጂ ትርጓሜ አይደለም ብሎ ነገሩን በይደር አቆየው። ሁለተኛው ቀን በቃለ ጉባኤው እርማት አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ለሙከራ ብቻ የተሠሩ ሦስት ሻማዎች ተለኮሱ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ወፍራም ክር ያለው። አባቴ በየሰዓቱ የቀለጠውን ሰም ስፋት በማስመሪያ እየለካ ይመዘግባል። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ወፍራሙ ክር ጥላሸት ያዘና የብርጭቆውን አፍ አጠቆረው። ነበልባሉም ይዘል ጀመር።

«ጋሼ፣ ይሄ ብርጭቆ የጋለ ይመስለኛል» አለ አጎቴ።

አባቴ «ይመስለኛል» በመዝገብ እንደማይሰፍር ነግሮት ጉዳዩን ለድምፅ አቀረበው። አጎቴ ግሏል አለ፤ አባቴ ገና አልተረጋገጠም አለ። አንድ ለአንድ ሲሆኑ የሰብሳቢው ድምፅ እንደ ሁለት ተቆጠረና ብርጭቆው በአብላጫ ድምፅ አልጋለም ተባለ። አጎቴ ይህንኑ ጽፎ ነጥቡን ሳያሳርፍ ብርጭቆው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሰሙ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈሰሰ። እናቴ የድስት ክዳን ይዛ መጣች፣ እሳቱን ከድና አጠፋችውና ወደ ጓዳ ተመለሰች። አጎቴም ደንበኞች እየጠበቁኝ ነው ብሎ ወጣ።

አባቴ የተረፈው ወረቀት ላይ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ጻፈና ሊያሳያት ወደ ጓዳ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎቹ ተደርድረዋል፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አዲስ ክር አላቸው። እናቴ ብርጭቆውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ታቆያለች፣ ሰሙ ሲለሰልስ አሮጌውን ክር በፒንሳ ትስባለች፣ ቀዳዳውን በሹራብ መርፌ ታሰፋና ሰም ጠጥቶ የደረቀ አዲስ ክር ትሰካበታለች። በላዩ አንድ ማንኪያ ሰም ታፈሳለች።

«ኮሚቴው ሳይወስን?» አለ አባቴ።

«እናንተ ስለ ‹ቀለጠ› ስትከራከሩ እዚህ አንድ መካከለኛ ለኩሼ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ነደደ። እስከ ዳር ቀለጠ፣ ጭስም የለው፣ ብርጭቆውም በእጅ ይያዛል።»

አባቴ ተቀመጠ። ወረቀቱን አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሌሎች በሠሩት ላይ ፈርሟል እንጂ አንድም ዕቃ በእጁ እንዳልሠራ ያኔ ትዝ ያለው መሰለኝ፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ሆነ።

«ስንት ቀረሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ሦስት።»

ፒንሳውን አነሣ። የመጀመሪያው አሮጌ ክር ሰሙ ውስጥ ተበጥሶ ቀረበት፤ እናቴ በመርፌ ቆፍራ አወጣችለት። በሁለተኛው ብርጭቆ አዲሱ ክር ተንጋደደ፤ እሱንም አቃናችው። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። አባቴ አጎንብሶ ከግራም ከቀኝም አየው፤ ከዚያ ማንንም ሳያማክር ሰሙን አፈሰሰበት።