ጫማ ሲያደርጉ ጣሊያንኛ

ኩማ ያረጁት በምላስ ነው። ጉልበታቸው ደህና ነበር፣ ጥርሳቸውም ቆሎ ይቆረጥማል። ምላሳቸው ግን ጣሊያን ከገባ በሁለተኛው ክረምት መንገድ ጠፋበት። ቄስ ተክለጻድቅ ሊባርኳቸው ልደታ ቤታቸው ድረስ ቢመጡ፣ በጣሊያንኛ "ጽጌረዳው ላይ አትቁም!" ብለው ጮኹባቸው። ቀይዋን ዶሮ ደግሞ ችሎት ፊት እንደቆመች ሁሉ "ቃልሽን ስጪ እንጂ!" እያሉ በአማርኛ አፋጠጧት። ሰፈሩ ግማሹ ቡዳ ነው አለ፣ ግማሹ ጠበል ይጠመቁ አለ።

ምራታቸው ተናኘወርቅ ግን፣ "ምንም አልነካቸው" ትላለች። "አባዬ ሦስቱን ቋንቋ እንደ ሦስት በግ ለየብቻ አስረው ኖሩ። አሁን ገመዱ አረጀና በጉ ሁሉ ደጅ ወጣ።"

ኩማ ኦሮምኛውን ከእናታቸው፣ አማርኛውን ከፍርድ ቤት ደጅ፣ ጣሊያንኛውን ደግሞ ከጦርነቱ በፊት ለአንድ ጣሊያናዊ በአትክልተኝነት ሲሠሩ ነው ያገኙት። የልጅ ልጃቸው ማናለብሽ ከሥራቸው አረም ስትነቅል አድጋ ሦስቱንም ትሰማለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ አፏ ግን የሠላሳ። ምሥጢሩንም ያገኘችው እሷ ናት።

ምሥጢሩ ያለው እግራቸው ላይ ነበር። ማታ እግራቸውን በሞቀ ውሃ ስታጥባቸው ኩማ ሁልጊዜ ኦሮምኛ ይናገራሉ። በባዶ እግራቸው ሲሆኑ አማርኛ። ያ ጣሊያናዊ የሰጣቸውን አሮጌ ጫማ ሲያጠልቁ ጣሊያንኛ። ማናለብሽ አላመነችም፤ አንዱን ጫማ ብቻ አወለቀችባቸው። ኩማ በጣሊያንኛ የጀመሩትን ሰላምታ በአማርኛ "ምሳ አልደረሰም ወይ?" ብለው ጨረሱት።

"እማዬ! አገኘሁት!"

"ሽማግሌ ታጫውቻለሽ? አፈር ብይ!"

ሰውየውም ከቋንቋው ጋር ይለወጣሉ። በአማርኛ ኩማ ጥርጥር የሞላባቸው ናቸው፤ ስማቸውን ቢጠየቁ እንኳ "ለምን ፈለግኸው?" ይላሉ። በጣሊያንኛ ደስተኛ አትክልተኛ ናቸው። በኦሮምኛ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ይሆናሉ። ማናለብሽን "እማ" እያሉ የዋሉበትን፣ የሰበሩትን፣ የሰረቁትን ሁሉ ይናዘዙላታል፤ መዋሸት ፈጽሞ አይችሉም።

ይሄ ሁሉ ሳቅ ነበር፣ ጋሻው እስኪመጣ። ጋሻው የኩማ ትንሹ ልጅ፣ አርበኛ ነው። አንድ ሌሊት ጭኑን በጥይት ተመትቶ ገባና ጓዳ ውስጥ ከጎታው ጀርባ ተደበቀ። ቁስሉ እያበጠ ሳለ አዋጅ ነጋሪው "ነገ ጠዋት ቤት ለቤት ፍተሻ አለ!" እያለ አለፈ። ሰበታ ያለችው የኩማ እህት ሀረገወይን ዘንድ ካልደረሰ አበቃለት። ከዚያ በፊት ደግሞ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ማሬሻሎው፣ የጣሊያኖቹ የኬላ አለቃ። ማሬሻሎው በጣሊያንኛ ያልመለሰለትን ሁሉ እስከ ቀሚስ ጫፍ ያስፈትሻል። ባለፈው ሳምንት ግን ኩማ በጫማቸው ሲያልፉ ስለ ሎሚ ዛፍ አውርተው አውርተው በሲጋራ ነው የሸኛቸው።

"አጎቴን እንትከለው" አለች ማናለብሽ።

"ምን?" አለ ጋሻው።

"ቅርጫት ውስጥ ትቀመጣለህ፣ አፈር እናለብስሃለን፣ የኮባ ቅጠል ራስህ ላይ እናስራለን። አባባ ጫማቸውን አድርገው ያወራሉ።"

"እኔ አርበኛ ነኝ እንጂ ጎመን አይደለሁም!"

"ኮባ ነው ያልኩህ፤ ጎመን ማን አለህ?"

ከሰዓት በኋላ ወጡ። ተናኘወርቅና ማናለብሽ ቅርጫቱን የጫኑበትን ጋሪ ይገፋሉ፣ ኮባው ጋሪው ላይ ወዝወዝ ይላል፣ ኩማ ጫማቸውን አጥልቀው በጣሊያንኛ እያንጎራጎሩ ከፊት ይሄዳሉ። ነገሩ ያምር ነበር። ዝናቡ እስኪወርድ ድረስ።

ማናለብሽ የዝናብ ነገር እንዴት አልታያትም! የኩማ ጫማ ተረከዙ የተሰነጠቀ ነው፤ በየርምጃው ጭልቅ፣ ጭልቅ ይል ጀመር። ማንጎራጎራቸው ቆመ። የሞቀ ውሃ ኦሮምኛ ነው፣ ጫማ ጣሊያንኛ ነው፤ ጫማ ውስጥ የገባ ቀዝቃዛ ውሃስ? ይህን ማን ሞክሮት ያውቃል?

"አባባ፣ ጫማዎን ላራግፍልዎ" ብላ ስታጎነብስ፣ ማሬሻሎው ከኬላው ድንኳን ሥር አያቸውና ፊቱ ብርሃን ሆነ።

"አትክልተኛው! ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?"

ኩማ አዩት። አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ቋንቋ ጣሊያንኛ ነበር፤ የሚናገረው ግን መዋሸት የማይችለው የአሥር ዓመቱ ልጅ ነው።

"ልጄ ነው" አሉ። "ጭኑን በጥይት መቱት። ጓዳ ደብቀነው ነበር። ነገ ልትፈትሹ ስለሆነ ወደ እህቴ እየወሰድነው ነው።"

ተናኘወርቅ ጣሊያንኛ ባታውቅም የልጇን ፊት አይታ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች።

ማሬሻሎው ኩማን አየ፣ ኮባውን አየ። አገጩ ሲርገበገብ ማናለብሽ ልትጮህ ዳዳት። እሱ ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

"አያቴም እንዲህ ነበር" አለ። "ወይኖቹን 'ልጆቼ' ነበር የሚላቸው። በረዶ ሲመታቸው 'ተኩሰው ጨረሱብኝ' እያለ ያለቅስ ነበር። ስሙ ማን ይባላል?"

"ጋሻው" አሉ ኩማ፣ እውነቱን።

"ጋሻው፣ አይዞህ" አለ ማሬሻሎው ቅጠሉን እየዳበሰ። "ቶሎ ሥር ስደድ።"

ይሄኔ ኮባው አስነጠሰ።

ዝናቡ ብቻ ነበር የሚያወራው።

"እሱ ነው" አሉ ኩማ በጣታቸው እያሳዩ። "ብርድ ገብቶታል።"

ማሬሻሎው ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ውሃ አታብዙበት!" ብሎ ለኩማ ሲጋራ ሰጣቸው፤ ጋሪው ጭቃ ሲይዘውም ሁለት ወታደሮች ጠርቶ አስገፋላቸው። አንደኛው ወታደር በጣሊያንኛ "ይሄ ተክል ምን በልቶ ነው እንዲህ የከበደው?" እያለ ያማርር ነበር።

ኬላው ከዓይን ሲጠፋ ቅጠሉ ተገለጠ። "አባዬ!" አለ ጋሻው ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "አሳልፈው ሰጡኝ እኮ! ስሜን ሳይቀር!"

ኩማ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን አንድ በአንድ አውልቀው ውሃውን ደፉ። እግራቸውን በጋቢያቸው አደረቁ። ከዚያ በአማርኛ፣ ግራና ቀኝ ገልመጥ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"የምን ልጅ? ልጅ የለኝም። ኮባ ነው" አሉ።

ጋሻው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ተናኘወርቅ ቅጠሉን መልሳ አለበሰችው። ሰበታ ገና ሩቅ ነበር።